የሚንቀጠቀጥ መሪ ይዤ ሽማግሌ ሳደርስ

የገርጂ ጎረቤቶቼ ሱሉልታን የሚያውቋት በወተቷ ነው። ቡራዩን በታክሲ ረዳት ጩኸት፣ ሰበታን ደግሞ በፋብሪካዎቿ ይሰሟቸዋል እንጂ ሄደው አያዩአቸውም። «እዚያማ ገጠር ነው» ይሉና ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ። እኔ ሄጄ መጥቻለሁና ልንገራቸው፤ ያላመነኝ ነዳጁን ሞልቶ ይሞክረው።

ከገርጂ ሰበታ በደህናው ጊዜ ቁርስ በልተው ወጥተው ለምሳ የሚመለሱበት መንገድ ነው። እኔ ለመድረስ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንደኛው ምክንያት አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ ነው፤ በዚያ ሰሞን በከተማው ዙሪያ ያሉት መንገዶች ጠዋት ይከፈታሉ፣ ከሰዓት ይዘጋሉ። ሁለተኛው ምክንያት የመኪናዬ መሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሳምሶን ለሊሴ የምትባል የሰበታ ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ ኦቦ ገመቹ ከብዙ ማመንታት በኋላ ሽማግሌ እንድንልክ ለእሁድ ቀጠሮ ሰጡ። አብረው ግን አንድ ቃል አስከትለዋል፤ «ባሉት ቀን ካልመጡ ደግመው እንዳይመጡ።» ቀጠሮው በተያዘ ማግስት አገሩ ታመሰ፤ ከከተማ ውጪ የሚሄደው ሚኒባስም ቆመ። ሽማግሌ ብለን የመረጥናቸው ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሱሉልታ የሚኖሩት ኦቦ ቱሉ፣ የሟች ባለቤቴ የልብ ወዳጅ፤ ሌላው ቡራዩ አዲስ ቤት የሠራው ጋሼ ኃይሉ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ። ማን ያድርሳቸው?

እኔ የልጁ እናት ነኝና በወጉ በሽምግልናው ውስጥ ቦታ የለኝም። መኪናው ያለው ግን እኔ ዘንድ ነው። ሳምሶን «እኔ ልንዳ» ብሎ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ወጣት ወንድ መንገድ ላይ ሲታይ ጠያቂው ከየአቅጣጫው ስለሆነ ሆዴ እሺ አላለኝም። «እማ፣ ካልሆነ ይቅር በቃ» አለኝ። እንዲህ ሲል ፊቱን ብታዩት! «ዝም በል» ብዬው ሞተሩን አስነሳሁ። ሽማግሌ ሆኜ መግባት ካልቻልኩ ሹፌር ሆኜ እሄዳለሁ።

ዓርብ

የእንጦጦን ጀርባ ሳልፍ ብርዱ ተቀበለኝ። ገርጂ ላይ ሹራቤን አውልቄ ነበር፤ እዚህ ሹራቡን መልሼ ለብሼ ጋቢውንም ደረብኩበት። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ቢገኝ በማግስቱ ፎቅ ይቆምበታል።

ሱሉልታ ልገባ ስል መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሰው የለም፤ ድንጋዩ ብቻ ተደርድሯል። ላሞቻቸውን የሚነዱ አንድ ሰውዬ በዱላቸው ወደ መስኩ አመለከቱኝ። መስኩ ላይ የጎማ ዱካ አየሁ። «ይኼ ካለፈ እኔ ምን አንሶኝ!» ብዬ ገባሁበት። ዱካው ለካ የትራክተር ነው!

የሱሉልታ ዋልካ አፈር ሲርስ ገንፎ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ። እኔ የገባሁት ገንፎ በነበረበት ሰዓት ነው። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ትሰምጣለች፣ እኔ እራገማለሁ። ወዲያው ከየት መጡ ሳልል ሯጮች ከበቡኝ። ሱሉልታ ማለት ይኼ ነው፤ መንገድ ቢዘጋም፣ አገር ቢናወጥም ልምምዱ አይቀርም። ወገባቸው የኔን ክንድ የሚያክል ልጆች ናቸው።

«እማማ፣ እኛ እንገፋለን፤ እርስዎ ቀስ ብለው ነዳጅ ይስጧት» አለች አንዷ።

እማማ! ገና ጸጉሬን ቀለም ተቀብቼ በወጣሁ ቀን! ተናድጄ ይሁን ደንግጬ፣ ቀስ ማለቱን ረስቼ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። መኪናዋ ተፈናጥራ ወጣች። ዘወር ብዬ ሳይ ሁሉም ከጸጉር እስከ ጫማ ጥቁር ጭቃ ለብሰዋል፤ የሚታየው ጥርሳቸው ብቻ ነው። እየሳቁ ነበር። እንደወረድኩ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ሩጫቸውን ቀጥለው ሄዱ። ገርጂ ቢሆን እስከ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ እመላለስ ነበር።

ኦቦ ቱሉ ቤት ስደርስ ደጁ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈረስ ወዳድ ሰው ናቸው፤ ፈረሳቸው ከእሳቸው የተሻለ ፀጉሩ ይበጠራል። «አካም ጅርታ፣ ዘነቡ! በመኪና መጣሽ ወይስ በጭቃ?» አሉኝ። ባለቤታቸው አዴ ብርቄ ጓሮ ሙሉ ላም አላቸው፤ ቀኑ ግን ዓርብ ነው። የሱሉልታን ወተት በዓይኔ ብቻ ጠጥቼ ሽሮዬን በላሁ። ሽሮው ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ ከኔ ይበልጣል።

ከበላን በኋላ አላስችል አለኝ። «ሽምግልና የሚሄድ ሰው በዚህች መኪና?» ብዬ ውኃ አስቀዳሁ። አዴ ብርቄ «ድካም አለብሽ፣ ተይው» ቢሉም ማን ሰምቷቸው! በሩን፣ ኮፋኖውን፣ መስታወቱን፣ ጎማውንም ከውጪ በኩል ፈትጌ አብለጨለጭኳት። እንዲህ ነን እኛ የከተማ ሰዎች፤ የሚታየውን ማጠብ ማን ብሎን።

አዴ ብርቄ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ፤ በፍጹም ብል አልሰሙኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ጾሙ ስለወጣ ጭኮ አበሉኝ፤ ገብሱ በቅቤ የራሰ፣ አንዴ ጎርሰውት እስከ ማታ የማያስርብ። ኦቦ ቱሉ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ከጎኔ ተቀመጡ። ድንጋዩ ሌሊቱን ተነስቷል። መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ሳይዘጋ ልለፍ ብዬ ነዳሁት።

ያኔ ነው መሪው የጀመረው። መጀመሪያ እንደ ወንፊት ዘንፈል ዘንፈል አለ። ፍጥነት ስጨምር እጄን እስከ ትከሻዬ አራገፈው። የኦቦ ቱሉ ጥርስ ሲጋጭ ይሰማኛል።

«ዘ-ዘነቡ፣ ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጪው?»

«እኔ አይደለሁም፣ መሪው ነው!»

«ትናንት ደህና አልነበረም?»

«ትናንትማ ደህና ነበር!»

ትንሽ አሰቡና «እግሯን አሟታል» አሉ። «ፈረስ በድንገት ሲያነክስ መጀመሪያ እግሩን አንስተሽ ከሥር ነው የምታዪው።»

«ኦቦ ቱሉ፣ ይቺ ፈረስ አይደለችም!»

«እግር ግን አላት፤ የለኝም ትላለች?»

ተናድጄ ፊቴን ወደ መንገዱ መለስኩ። እሳቸውም ተቀይመው እስከ አስኮ ድረስ በመስኮት ወደ ውጪ አዩ።

አገራችን ውስጥ ሐኪምና መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። አስኮ ላይ መኪናዋን አቁሜ ጎማዎቹን ስዞር አንዱ የታክሲ ሹፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ «የመሪው ቴስቲና ነው፣ ዛሬውኑ ካልቀየሩት መሪው እጅዎ ላይ ይቀራል» ብሎኝ ሄደ። ትራፊክ ፖሊሱ «አላይመንት ነው» አለ። ሙዝ የምትሸጥ ሴት መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ምነው እንዲህ አብለጭልጨሽ አወጣሻት? የሰው ዓይን ነው» አለችኝ። ከሦስቱ ያመንኩት የሙዟን ነው።

ቡራዩ ግማሽ በሯን ከፍታ ግማሹን ዘግታ ነበር፤ ሱቁ ሁሉ ለመዝጋት የተዘጋጀ ይመስላል። ዋናው መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ ቤት ክፍት አገኘን። ባለቤቱ ጀማል የሚባል ጎልማሳ ነው። የመኪናዋን ነገር ሳልጨርስ ጥያቄውን አዥጎደጎደው።

«የሚንቀጠቀጠው እጅዎ ላይ ነው መቀመጫዎ ላይ?»

«ምን አልክ?» አልኩት ጋቢዬን ሰብስቤ።

«ኧረ እናቴ፣ በክፉ አይተርጉሙብኝ! መቀመጫው ላይ ከሆነ የኋላ ጎማ ነው፣ መሪው ላይ ከሆነ የፊት።»

ኦቦ ቱሉ በዱላቸው ተደግፈው ሲስቁ አየኋቸው። ኩርፊያው በዚያው አለቀ።

«እጄ ላይ ነው» አልኩት።

«ፍሬን ሲይዙ ይብሳል?»

«አይብስም።»

«እንግዲያው ፍሬን አይደለም። ዝግ ብለው ሲሄዱስ?»

«ዝግ ስል የለም። ስድሳን ሳልፍ ይጀምራል፣ ሰማንያ ላይ ያብዳል።»

«በዚህ ሰሞን፣ በዚህ መንገድ፣ ሰማንያ ምን ያስነዳዎታል?»

«ፍርሃት!»

ጀማል ሳቀና ክሪኩን አስገብቶ የፊቱን አነሳ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፣ ከግራና ከቀኝ ነቀነቀው። ቴስቲናው ጤነኛ ነው አለ፣ ኩሽኔታውም አልላላም። «አንዱ ጎማ ክብደቱ ተዛብቷል፤ ባላንስ ነው። ማሽኑ ይኸው፣ መብራት ግን ከትናንት ጀምሮ የለም። ቢሆንም ፈትተን እንየው» ብሎ ቁልፉን አነሳ።

የመጀመሪያውን የጎማ ማሰሪያ ዳዶ ሳያላላ ከላይ በኩል የብዙ ሰው ድምፅ መጣ። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ የሱቅ በር እየተከታተለ ይዘጋ ጀመር። ጀማል ክሪኩን አውርዶ መኪናዋን ከነኔ ወደ ግቢው ገፋት። በሩን እየቀረቀረ «ጎማውን አስፈትተው ጀርባውን ያሳዩ፣ እሺ?» ይለኛል። «እሺ፣ እሺ» አልኩ፤ ቃሉ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ከዚያ ከሩቅ ተኩስ ተሰማ። የጀማል እናት ልጆቻቸውን አንድ በአንድ በስም ጠሩ፤ ሁሉም «አቤት» እስኪሉ ድረስ አልተቀመጡም። እኔም ሳምሶን ገርጂ ቤቱ መሆኑን እያወቅኩ ደወልኩለት። «የት ነህ?» «ቤት ነኛ፣ አንቺ የት ነሽ?» «ቡራዩ፣ ምሳ ላይ» አልኩት። ውሸቴን አልነበረም፤ የጀማል እናት ማንነታችንን ሳይጠይቁ ሩዙን አቅርበውልን ነበር። ኦቦ ቱሉ ግን አንድ ጉርሻ እንኳን አልወረደላቸውም። «የማን ልጅ ይሆን የወደቀው?» ይላሉ ደጋግመው።

መንገዱ ሲረጋጋ ጀማል ራሱ ከፊት ከፊት እየሄደ ጋሼ ኃይሉ ቤት አደረሰን። የጋሼ ኃይሉ አዲስ ቤት ግድግዳው አልተለሰነም፣ በር ያለው መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ነው፤ ሳሎኑ ግን የኛን ሁለት ያክላል። ባለቤቱ ያለችውን አንዲት ፍራሽ ለኔ አንጥፋ እሷ ሶፋ ላይ ተጠመዘዘች። ጋሼ ኃይሉ ስለ መሪው እንደሰማ «ነዳጁ ነው፤ ውኃ ቀላቅለውበታል» አለ። ጋሼ ኃይሉ ድሮም እንዲህ ነው፤ ጥርሱን ቢያመው ነዳጁ ነው ይላል።

እሁድ

ጋሼ ኃይሉ ድሮ ለራሱ ሠርግ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ወጣ፤ ኮቱ ከአንዱ ቁልፍ በቀር አልዘጋ ብሎታል። ኦቦ ቱሉ ከአጥሩ ለምለም ቅጠል ቆርጠው ኮፋኖው ላይ አሰሩ። በዚያ ሰሞን ቅጠል ያላሰረ መኪና አያልፍም፤ መንጃ ፈቃድ የረሳ ይሻላል።

ባላንስ የሚሠራ ፍለጋ እስከ አየር ጤና ያገኘሁትን ጎሚስታ ሁሉ አየሁ። እሁድ ነው፣ ሁሉም ዝግ ነው። ከስድሳ በታች እየነዳሁ፣ የኋላዬ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብኝ፣ ዓለምገና ደረስን። እዚያ ድንጋይ ጠበቀን፤ ከድንጋዩ ጀርባ ደግሞ ወጣቶች።

ኦቦ ቱሉ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «አካም ቡልተን፣ ኢጆሌ!» አሉ። «ጃርሱማ ዴምና፤ ሽምግልና እየሄድን ነው።»

«የማንን ልጅ ልትጠይቁ?» አለ አንደኛው ወደ ውስጥ እያየ።

«የኦቦ ገመቹን።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። «ኦቦ ገመቹን? እንግዲያው እኛ ብናሳልፋችሁም እሳቸው አያሳልፏችሁም!» ይህን እያሉ ድንጋዩን ገለል አደረጉልን።

የጠዋቱ ቀጠሮ ምሳ አልፎ ተደረሰ። ኦቦ ገመቹ ቦት ጫማ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል፤ መንገዱን ሲያዩ እንደዋሉ ያስታውቃሉ። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ቃል የሚቆጥቡ ገበሬ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ግቢው ገቡ። እኔ ሹፌሯ በሩ ላይ መኪናው ውስጥ ቀረሁ፤ መስታወቱን ግን እስከ ታች አወረድኩት።

«ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ቱሉ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ቆመው ተናገሩ። ስለ ሳምሶን ጠባይ፣ ስለ አባቱ ደግነት፣ ልጆቹ ስለመዋደዳቸው፣ ሁሉንም አማርኛውን ከኦሮምኛው እያዋሃዱ አሳምረው ተናገሩ። ጋሼ ኃይሉ በየመሐሉ «እውነት ነው» ይላል።

ኦቦ ገመቹ አቀርቅረው ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጁን አልጠላሁትም። ግን ከአዲስ አበባ እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነው የሆነብኝ። አንዱ ሜትር ይዞ መጣ። ሌላው ካርታ ይዞ መጣ። የአባቴን ማሳ ፋብሪካ አረፈበት። የቀረችኝንም ወረቀት ላይ አስምረውባታል ይሉኛል። አሁን ደግሞ እናንተ ልጄን አላችሁ። እሺም እምቢም አልላችሁም። ሂዱና አገር ሲረጋጋ ተመለሱ።»

አገር ሲረጋጋ! እሱ ደግሞ መቼ ነው? ሰውዬው የተናገሩት እውነት ነው፤ ልቆጣቸው ብፈልግ እንኳን የምቆጣበት አጣሁ። ሳምሶን በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ታየኝ፤ ምን ብዬ እገባለሁ?

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ሞተሩን ላስነሳ ስል ኦቦ ቱሉ በሩን ከፍተው አልገባም አሉ።

«ልጅቷንም አላገኘን፣ ነፍሳችንንም እንጣ? የዚችን እግር ሳላይ አልሳፈርም!»

ያኔ ነው የጀማል ቃል ትዝ ያለኝ፤ ጎማውን አስፈትተው ጀርባውን ያሳዩ። ጀማልና ኦቦ ቱሉ ሲሉኝ የነበረው አንድ ነገር ነው! ወርጄ ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን፣ እስኮርታውን፣ አወጣሁ። ጋሼ ኃይሉ ኮቱን አውልቆ «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ክሪኩን ከሥር አስገባ፣ አሽከረከረው። መኪናዋ ከፍ እንደማለት ክሪኩ ወደ መሬት ሰመጠ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሰመጠ።

ኦቦ ገመቹ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዩናል። መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ መለስ ብለው አዩን። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ርጥብ መሬት ላይ ክሪክ ባዶውን ይቆማል? እደጄ ላይ ሰው ልትገሉብኝ ነው?» እያሉ ወፍራም ጣውላ ተሸክመው መጡ። ጋሼ ኃይሉን ገለል አድርገው ጣውላውን አነጠፉ፣ መኪናዋን አነሱ፣ ዳዶውን ፈቱ። የቀኙ ጎማ ንጹሕ ነው። ወደ ግራው ዞሩ። ኦቦ ቱሉ መቆሙ ደክሟቸው እስኮርታው ላይ ዘፍ አሉ።

የግራው ጎማ ሲወጣ ሁላችንም ጎንበስ አልን። ከጎማው ብረት፣ ከቸርኬው ጀርባ፣ በአንዱ በኩል ብቻ፣ የድፎ ዳቦ ቁራሽ የሚያህል ጥቁር አፈር ደርቆ ተጣብቋል። ያ የሱሉልታ ገንፎ! ፊቷን አብለጭልጬ ሳጥብ ጀርባዋ ላይ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

«አላልኩም? ፈረስ አላልኩም?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ኦቦ ገመቹ በካቻቪቴ ፈንቅለው አወጡትና በመዳፋቸው ያዙት። ፈርከስ አድርገው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ይኼ የኛ አፈር አይደለም።»

«የሱሉልታ ነው» አልኳቸው። «የላሞች መስክ ውስጥ ገብቼ ነው።»

አፈሩን በሌላው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው።

«ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ መሬት ሊወስድብኝ ይመጣል» አሉ። «በዚህ ሁሉ ድንጋይ መሐል አልፎ መሬት ይዞልኝ የመጣ እናንተን አየሁ!»

ወደ ኦቦ ቱሉ ዞር አሉ። «ኦቦ፣ እርስዎ ግን ተቀምጠዋል እኮ።»

ኦቦ ቱሉ እሾህ እንደወጋው ሰው ብድግ አሉ። ሽማግሌ፣ ያውም እሳቸው፣ ሳይፈጸምላቸው ተቀምጠው! ፊታቸው በኀፍረት ቀላ።

«ይቀመጡ» አሉ ኦቦ ገመቹ ትከሻቸውን ይዘው መልሰው እያስቀመጧቸው። «እኔ ደጅ ሽማግሌ ሳይፈጸምለት ተቀምጦ አያውቅም፤ ዛሬም ደጄን አላሰድብም። ከተቀመጡ ተፈጽሟል ማለት ነው። ለሊሴ! ለእንግዶች የእጅ ውኃ አምጪ!»

ዳዶዎቹን በእቅፌ ይዤ ነበር፤ መሬት ላይ ተበተኑ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ሹፌሯን ምን ነካት?» አሉ ኦቦ ገመቹ ደንግጠው።

«እናቱ ናት» አለ ጋሼ ኃይሉ። በሁለት ቀን ውስጥ የተናገረው ትክክለኛ ነገር ይኼ ብቻ ነው።

ያን ቀን አላስወጡንም። ለሊሴ ውኃውን ስታፈስልኝ ግማሹን እጄ ላይ፣ ግማሹን ጋቢዬ ላይ አወረደችው። አፈሩን ኦቦ ገመቹ አልጣሉትም፤ ጓሮ ወስደው የጌሾው ሥር በተኑት። በማግስቱ ሽማግሌዎቼን አድርሼ ገርጂ ስገባ ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሰማንያ ነድቻለሁ፤ መሪው ጸጥ ብሏል።

ሳምሶን በሩ ላይ ነበር። ሳልወርድ መስኮቱ ላይ ተደፍቶ «እሺ፣ ምን አሉ?» አለኝ።

«ባላንስ ነው አሉ» አልኩት፤ «ጭቃ ይዞ ነው።»

«እማ!»

ትንሽ ላስለፋው አስቤ ነበር። ፊቱን አየሁትና አልቻልኩም።

«ለሊሴን ሰጡን» አልኩት።